የሊሙዋ ነጭ ዲኤክስ

አባቴ መኪና ሲመርጥ መጀመሪያ የሚያየው የኋላውን ወንበር ነው። ሞተር ሳያስነሳ፣ ኮፈን ሳያስከፍት፣ የኋላውን በር ከፍቶ ይገባና ተደላድሎ ይቀመጣል። ጉልበቱ የፊቱን ወንበር ይነካ እንደሆነ ያያል፤ በሩን ከውስጥ ዘግቶ ይከፍታል፤ ከዚያ እናቴ የምትቀመጥበትን ጎን በመዳፉ መታ መታ ያደርገዋል። እኔ ደግሞ ውጭ ቆሜ፣ ያ ወንበር በምን ዓይነት ብሎን እንደታሰረና ተነቅሎ ሲወጣ መኪናዋ ምን ያህል እንደምትቀል አስባለሁ። አንድ ክረምት ሙሉ እንዲህ ሆነን ነው ከከተማ ከተማ የዞርነው።

ያኔ ጅማ መርካቶ ውስጥ ከአንድ ጫማ ሱቅ ጎን በተቀጠለች ጠባብ ክፍል ስልክ እጠግን ነበር። ስሙ ጥገና ይሁን እንጂ የዕለት ገቢዬ የሚመጣው ሚሞሪ ላይ ዘፈንና ቪዲዮ ከመጫን ነው። ድሪፍትን ያወቅኩትም እዚያው ነው። አንድ ደንበኛ ረስቶት በሄደው ሚሞሪ ውስጥ ጃፓኖች በተራራ መንገድ ላይ መኪና ጎኗን እያዞሩ ሲያንሸራትቱ አየሁ። አፍንጫዋ ወደ ገደሉ ዞሯል፣ ጅራቷ መንገዱን ይጠርጋል፣ ጎማዋ ይጨሳል፣ ግን አትወድቅም። ደጋግሜ ሳየው መኪናዋ እንግዳ እንዳልሆነችብኝ ገባኝ። እኛ ሰፈር ቦሳ ኪቶ ውስጥ ለየሱቁ ዳቦ የምታድለው አሮጌ ቶዮታ ዲኤክስ እህት ነበረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳቦ በመጣ ቁጥር ወጥቼ የኋላ ጎማዋን አይ ጀመር።

ለድሪፍት የሚሆን መኪና ብዙ ነገር አይጠየቅም። ርካሽ ይሁን፣ ቀላል ይሁን፣ ማርሹ በእጅ የሚገባ ይሁን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሞተሩ ኃይል ወደ ኋላ ጎማ የሚሄድ ይሁን። አዲሶቹ ትናንሽ መኪናዎች በፊት ጎማቸው ስለሚጎተቱ ለዚህ ነገር አይሆኑም፤ አሮጌ የሚፈለገው ስለዚህ ነው። እኛ አገር አሮጌ መኪና በደህና ዋጋ የሚገኘው ክረምት ላይ ነው። ቡናው ገና ዛፉ ላይ አረንጓዴ ነው፣ የአምናው ገንዘብ አልቋል፣ ሰው ያለውን ያወጣል። ኅዳር ገብቶ ለቀማው ሲጀመር ያው ባለመኪና ዞር ብሎም አያይህም።

ለአባቴ መኪና ልገዛ ነው ብቻ አልኩት። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም፤ መኪና ለምን ይገዛል ተብሎ ይጠየቃል እንዴ። ዕድሜውን ሙሉ በአንድ የመንግሥት ቡና እርሻ ሾፌር ሆኖ የሠራ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ መሪ የሚይዘው ጎረቤት ሲድር ብቻ ነበር። ሰፈራችን ውስጥ ሠርግ ሲኖር መኪናው የማንም ይሁን ሙሽራዋን የሚነዳው እሱ ነው፤ ሰው የማያንገጫግጭ እጅ አለው ይባላል። በዚህ ጉረኛ ነበር። ቁርስ ላይ ሳይቀር የሌሎችን ሾፌሮች የፍሬን አረጋገጥ እያነሳ ይተቻል። መኪና እንደምገዛ በሰማ ማግስት ኮቱን አስተኩሶ ጠበቀኝ፤ ለዕድርተኛውም ቤተሰቡ በቅርቡ ባለመኪና እንደሚሆን አውርቷል። እዚያው ላይ ላርመው ይገባ ነበር። ደስታው አሳዘነኝ፣ ዓይኑም አስፈለገኝ፤ መኪና እንደ እሱ የሚያውቅ ሰው አልነበረኝም።

መጀመሪያ አሰንዳቦ ሄድን። ደላላው ዲኤክስ ናት ብሎን ነበር፤ ደላላ ምን ገዶት፣ ስንደርስ ስታርሌት ሆና ተገኘች። የአንድ ጡረተኛ ርዕሰ መምህር መኪና ናት፤ ንጹሕ፣ ወንበሯ እንኳ በዳንቴል የተሸፈነ። አባቴ ከኋላ ገብቶ ተቀመጠና ፈገግ አለ። የሰውየው ባለቤት ምሳ ሳትበሉ አትሄዱም ብለው ግድ አሉን፤ በላን። እጃችንን ስንታጠብ አባቴ በጆሮዬ “አለቀ በል” አለኝ። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ሆዷን አይቻለሁ፤ በፊት ጎማዋ የምትጎተት ናት። ይህን እንዴት ብዬ ልናገር። ቀለሟ አልጣመኝም አልኩ። የሰው ምሳ በልቶ፣ አመስግኖ፣ ዋጋ ሊነጋገር የተቀመጠ ሰው እንዲህ አይልም። አባቴ ቆሞ ባልና ሚስቱን ይቅርታ ሲጠይቅ እኔ ጫማዬን አይ ነበር። ሚኒባስ ውስጥ ከእኔ ርቆ ተቀመጠ። ጅማ ስንወርድ፣ ቀለም እኮ ይቀየራል ብሎኝ ወደ ቤት ቀደመኝ።

ከዚያ አጋሮ ላዳ ተገኘች። ይቺ በኋላ ጎማዋ የምትገፋ ናት፣ ቀላልም ናት፤ ሳያት ልቤ ዘለለ። አባቴ እንደ ልማዱ ከኋላ ገብቶ ከእግሩ ሥር ያለውን ምንጣፍ ገለጥ ሲያደርግ የታየው መሬቱ ነበር። እናትህ እግሯን የት ልታደርገው ነው አለኝ። ላሜራ ይበየድበታል አልኩት። ረጅም ጊዜ አየኝ። አሰንዳቦ ላይ በቀለም የተጠየፈ ሰው አጋሮ ላይ ወለል የሌላት መኪና መውደዱ ግራ ገብቶታል። በኋላ ከእናቴ እንደሰማሁት በራሱ መንገድ ፈታው፤ ልጁ ገንዘብ አንሶት፣ ማጠሩን መናገር አፍሮ ነው ብሎ ደመደመ። አዘነልኝ። ሳይነግረኝ የድሮ ባልደረቦቹ ጋ ስልክ እየደወለ ደህና መኪና በርካሽ የሚሰጥ ወዳጅ ሲፈልግ ሰነበተ። እናቴ ይህን ስትነግረኝ የቆረስኩትን እንጀራ ወደ ትሪው መለስኩ፤ ግን ደግሞ መኪናው ቢገኝ ብዬ ተመኘሁ። ሁለቱም እውነት ነው።

ተገኘ። ሊሙ ገነት ውስጥ ከአባቴ ጋር በእርሻው አብረው የሠሩ፣ ሚዛን ላይ ቡና ይመዝኑ የነበሩ ሽማግሌ አሉ። አባቴን ሲያዩ “ኦቦሌሳ ኮ” ነው የሚሉት፣ ወንድሜ ማለታቸው ነው፤ እሱም ሌላ ስም አይጠራቸውም። ግቢያቸው ውስጥ ባለ ጣሪያ ሥር፣ በቡና ጆንያ የተሸፈነች ነጭ ዲኤክስ ቆማለች። ጆንያውን አንስተው ሲጥሉት ቀድሜ ያየሁት የኋላ ጎማዋን ነው። ያረጀች ናት፣ ግን አልተነካካችም። እኔ እመሬት ተኝቼ በጀርባዬ ወደ ሆዷ ተንፏቀቅኩ። ከሞተሩ ተነስቶ ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ፣ ጫፉ ላይ ያለው ወፍራም ዲፍሬንሻል፣ ሁሉም በቦታው አለ። በላዬ ወንበሩ ሲንሿጠጥ ይሰማኛል። ሁለቱ ሽማግሌዎች የኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው የድሮ ሥራ አስኪያጅ እያሙ ይስቁ ነበር።

ሽማግሌው መኪናዋን የሚሸጡት የመጨረሻ ልጃቸውን ለመዳር ነው። ሌላ ፈላጊም መጥቶ ነበር፤ ሙዝ ሊጭንባት መሆኑን ሲሰሙ እምቢ ብለውታል። የሰፈሩ ሴት ልጆች ሁሉ ሙሽራ ሆነው ከአባታቸው ቤት የወጡት በዚች መኪና ነው። መኪናዋ የሌላውን ሁሉ ልጅ ስታደርስ ኖራ የራሳቸው ልጅ በሰው መኪና ልትሄድ መሆኑ ከንክኗቸዋል። ስለዚህ አንድ ነገር ለመኑ።

“እኔ ገንዘቡን አይደለም የምልህ፤ እሱ ቶሌ፣ ይሁን፣ እንስማማለን” አሉት አባቴን። “ልጄ ስትዳር ግን ይቺው መኪና ትምጣልኝ፤ አንተው ነድተህ አድርሳት። ይህን እሺ ካልከኝ ውሰዳት።”

አባቴ እጁን ዘረጋ። ሠርጉ ከቡናው በኋላ፣ ጥር ላይ ነው ተባለ። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ላይ ከፍተው ዱአ አደረጉ፤ መኪናዋ ለቤታችን ሲሳይ እንድትሆን፣ ክፉ እንዳይነካት፣ የሚቀመጥባት ሁሉ በሰላም እንዲገባ። አባቴም መዳፉን ዘርግቶ አሜን ይላል። እኔ ከሁለቱም ጮክ ብዬ አሜን አልኩ። እጄ ላይ የዲፍሬንሻሉ ዘይት ነበር።

እስከ ጅማ የነዳት አባቴ ነው። እሑድ እናቴን ቤተ ክርስቲያን ወሰድናት፤ በመዳፉ የመታው ቦታ ላይ ተቀመጠች፣ በመስኮቱም ለሚያውቃት ሁሉ እጇን አወዛወዘች። በሳምንቱ መኪናዋን ቀለም ላስቀባት ነው ብዬ ወሰድኳት። ጥር ሩቅ ነው፣ ክረምቱን እጫወትባታለሁ፣ ለሠርጉ እንደነበረች አድርጌ እመልሳታለሁ የሚል ስሌት ነበረኝ። ሐሳቡ ጥሩ ይመስለኝ ነበር፤ ለአባቴ መናገር ያልቻልኩት ለምን እንደሆነ ግን ራሴን አልጠየቅኩም።

የወሰድኳት ብየዳ ቤት ያለው ጓደኛዬ ግቢ ነው። የኋላ ወንበሩን ነቀልነው፤ ጓደኛዬ ግድግዳ ሥር አስደግፎ የደንበኞች መቀመጫ አደረገው። የበሮቹን የውስጥ ልባስ ገፈፍን። ከዚያ ዲፍሬንሻሉን ከፍተን በየድነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ መኪና ስትታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ስለሚሄድ ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት መዞር አለባቸው፤ ያን የሚያስችላቸው ዲፍሬንሻሉ ውስጥ ያለው ጥርስ ነው። ጥርሱ ሲበየድ ሁለቱ ጎማዎች አንድ ይሆናሉ፤ ያኔ ጅራቷ በቀላሉ ይሸሻል፣ ድሪፍትም ይሆናል። ዕዳው ቀስ ብሎ መታጠፍ ላይ ነው። አንዱ ጎማ የግድ መንሸራተት ስላለበት መኪናዋ ትነጥራለች፣ ትንቋቋለች፣ እንደ ፈራ በቅሎ ታንገራግራለች።

ከከተማ ወጣ ብሎ ቡና የሚሰጣበት ሰፊ የሲሚንቶ ሜዳ አለ። በክረምት ባዶውን ነው፣ ዝናብ ሲመታው ደግሞ ያንሸራትታል። ዘበኛው የጓደኛዬ ዘመድ ስለነበረ አስገባን። ዝናቡ ካባራ በኋላ መሪዋን አጥፌ ነዳጁን ስረግጠው ጅራቷ ተለቀቀ፣ ውሃው በጎን እንደ መጋረጃ ተነሳ፣ መሪውን ወደሸሸችበት ስመልሰው መኪናዋ ጎኗን ይዛ ሜዳውን ዞረች። ጮህኩ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ አሁንም ሳስበው ደስ ይለኛል፣ በዚህ ደግሞ ራሴን እታዘበዋለሁ። ቤት ስገባ አባቴ ቀለሙ ከምን ደረሰ ብሎ ይጠይቀኛል። ነጭነቷን እንዳትለቅ፣ ሙሽራ ነው የምትይዘው ይለኛል። እኔም ነጭ ነው እለዋለሁ።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ከሊሙ ተደወለ። ሙሽራው ወደ ዓረብ አገር የሚሄድበት ወረቀት ድንገት ስለደረሰለት ሠርጉ ጥርን አይጠብቅም፤ ለመጪው እሑድ ሆኗል። አባቴ ስልኩን ዘግቶ እናቴን ነጭ ሸሚዜን አውጪልኝ አላት። እኔን መኪናዋን አምጣ አለኝ። ቀለሙ አልደረቀም አልኩ። ከሰዓት በኋላ ግን ሰፈሩን ጠይቆ ኖሮ ብየዳ ቤቱ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት።

መጀመሪያ ያየው መኪናዋን አይደለም፤ ወንበሩን ነው። ሁለት ሰዎች ተቀምጠውበት በር እስኪበየድላቸው ይጠብቃሉ። የብየዳ ፍንጣሪ ብዙ ቦታ በስቶታል። ከዚያ ወደ መኪናዋ ሄዶ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየ፤ ባዶ ላሜራ ነው። አልጮኸም። ምን ሆና ነው አለኝ፤ ነገርኩት። ድሪፍቱን፣ ዲፍሬንሻሉን፣ ሁሉንም። እየነገርኩት ሳለ ለጆሮዬም የልጅ ጨዋታ ሆነብኝ። ጓደኛዬን ብየዳው ይፈታ እንደሆነ ጠየቀው። አይፈታም፣ ሌላ ዲፍሬንሻል ነው የሚያስፈልገው፣ ያም ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ላይ ተጭኖ መምጣት አለበት፣ ለእሑድ አይደርስም አለው። ሌላ ነጭ መኪና እንለምን፣ ሰው አይታወቀውም አልኩ።

“መኪና አመጣለሁ አላልኩም” አለኝ። “ያቺን መኪና አመጣለሁ ነው ያልኩት።”

ያን ዕለትና በማግስቱ የነቀልነውን ስንመልስ ዋልን። ወንበሩ ታሰረ፣ የተበሳው በእናቴ አዲስ አልጋ ልብስ ተሸፈነ። እናቴ አልጋ ልብሱን ስትሰጠኝ ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም፤ አባቴ ነግሯታል ማለት ነው። ዲፍሬንሻሉ እንደተበየደ ቀረ። እሑድ ንጋት ላይ ቁልፉን ልይዝ ስል አባቴ እጁን ዘረጋ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ጢሙን ተላጭቷል። ከግቢው ስንወጣ መታጠፊያው ላይ መኪናዋ ነጠረች፤ ፍሬን ይዞ ለአፍታ ቆመ፣ ከዚያ በሰፊው አዙሮ ወጣ።

የሊሙን መንገድ እስክንጨርስ ተማራት። ጠጠሩ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት መንጠሩ ይቀንሳል፤ ሰፋፊዎቹን ኩርባዎች ቀድሞ እያሰበ፣ ነዳጅ ለቀቅ ረገጥ እያደረገ እንደ ደህና መኪና ወሰዳት። ግማሽ መንገድ ላይ ፊቱ ፈታ አለ። ይቻላል ብሎ ሳያስብ አልቀረም፤ እኔም እግዚአብሔር አለልኝ አልኩ። አንድ ነገር ግን አላሰብንም። እኛ ከሄድን ወዲህ ሊሙ ገነት ውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን ተነጥፏል። ድንጋዩ አዲስ ነው፣ ጎማ ይነክሳል፣ አያንሸራትትም።

ኒካው ታስሮ ሙሽራዋ ወጣች። ከአክስቷ ጋር ከኋላ ተቀመጠች፣ እኔ ከአባቴ ጎን ከፊት ነኝ። መኪናዋ በአበባና በሪባን ተውባለች፣ ሽማግሌው ዞር ዞር ብለው አይተዋታል፣ ዓይናቸው እንባ አዝሏል። ሴቶቹ ድቤ እየመቱ ከፊት፣ ሌሎች መኪናዎች ጥሩምባ እየነፉ ከኋላ። የሙሽራው ቤት ዳገቱ ላይ ነው፤ እስከዚያ ድረስ መታጠፊያው ብዙ ነው፣ መንገዱም ጠባብ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ሰዉ ግራና ቀኝ ቆሞ ስለነበር አባቴ በሰፊው ማዞር አልቻለም። ቀስ ብሎ አጠፈ። የኋላው ጎማ ድንጋዩን ያዘው፣ መኪናዋ አንዴ ተንቋቋችና ዘለለች፣ የሙሽራዋ ራስ ከመስኮቱ ጋር ተጋጨ፣ አክስቷ “ያ ረቢ” አለች፣ ሞተሩ ጠፋ። ድቤው ቆመ።

አስነስቶ እንደገና ሞከረ፣ እንደገና ዘለለች። ወጣቶች ስልካቸውን አውጥተው እየቀረጹ ይስቃሉ። አንዱ አባቴን አይቶ፣ ይሄን ሽማግሌ ማን አስነዳው ሲል ሰማሁት፣ አባቴም ሰምቷል። ጆሮው ቀላ። የመኪናዋ የድሮ ባለቤት ሰዉን ገፍተው መጥተው በመስኮቱ ጎንበስ አሉ።

“ኦቦሌሳ ኮ፣ መኪናዋ ናት?”

አፌን ከፈትኩ። አባቴ እጁን ጉልበቴ ላይ አድርጎ ጫን አለኝ።

“መኪናዋማ ደህና ናት” አለ። “እጄ ነው። አርጅቻለሁ መሰለኝ።”

የሙሽራው የአጎት ልጅ፣ ወጣቱ፣ ሾፌር ነኝ አለ፤ ሰዎቹም ይንዳልዎት ብለው ቁልፉን ለመኑት። ሌላ ሰው መሪዋን ከያዘ ወዲያው ያውቃል። አባቴ እኔው አደርሳታለሁ፣ ቃሌ ነው ብሎ መስኮቱን ዘጋ። እየዘለለች፣ እየጠፋች፣ እንደገና እየተነሳች ዳገቱን ወጣን። በየመታጠፊያው ሳቅ አለ። ሙሽራዋ ከኋላ ቀስ ብላ “አባባ፣ አይዞዎት” ትለዋለች። እሱ አመሰግናለሁ ልጄ ይላታል። እኔ ዳገቱን ሙሉ የዳሽቦርዱን አቧራ ሳይ ነበር፤ አንዲት ቃል ብናገር ሳቁ ወደ እኔ ይዞር ነበር፣ አልተናገርኩም። ጉልበቴን የተጫነው እጅ ከተነሳ ቆይቷል፤ ዝም ያሰኘኝ እሱ ነው ልል አልችልም።

ዳሱ ውስጥ ምሳ ሲበላ ሽማግሌው በክንዴ ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። መኪናዋን በንጽሕና ስለያዝናት አመሰገኑኝ፣ አልጋ ልብሱን እንኳ አይተውታል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“ጉርባ፣ ልጄ፣ አባትህን ከእንግዲህ መሪ አታስይዘው። ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል። ብቻ እንዳያፍር አድርገህ።”

እሺ አልኳቸው።

ስንመለስ ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ። አጋሮን እስክናልፍ በየመታጠፊያው በሰፊው እያዞርኩ ነዳሁ። ይቅርታ እንዴት እንደሚጠየቅ እያሰብኩ ሳለ እሱ ቀደመኝ፤ ያ የምታደርገው ነገር ደስ ይላል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ቁጣ መስሎኝ ፊቱን አየሁት፤ ቁጣ አልነበረም። አዎ አልኩት። ስትንሸራተት መሪውን ወዴት ነው የምታዞረው አለኝ። ወደሸሸችበት አልኩት። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በአየር መሪ አዞረ፣ መለሰ፣ እንደገና አዞረ። ጭቃ ላይ ሳልፈልግ እንደዚያ ሆኜ አውቃለሁ አለ፣ በእርሻው ጊዜ፣ አንድ ሸንተረር ጫፍ ላይ፤ ደንግጬም ደስ ብሎኝም ነበር፣ ለማንም አልተናገርኩም አለ። አሰንዳቦ ላይ ብነግረው ኖሮ ኮቱን አውልቆ አብሮኝ መኪና ሥር ይገባ ነበር። ሲሚንቶው ሜዳ ላይም ከጎኔ ቆሞ ፍሬን አረጋገጤን ይተች ነበር። አባቴን የደበቅኩት የማይረዳኝ ሰው መስሎኝ ነበር።

ዲፍሬንሻሉ ከአዲስ አበባ መጣ፣ ተቀየረ። ዲኤክሷ እንደ ድሮዋ ለስላሳ ሆነች። ቁልፉን ይዤ አባቴ ጋ ሄድኩና አንድ ጊዜ ሞክራት አልኩት። ተወኝ፣ እጄ ደክሟል አለኝ። መቀለዱ መስሎኝ ሳቅኩ። አልሳቀም። ለእኔ ሲል ሊሙ ላይ የተናገረውን ነገር እሱ ራሱ ማመን እንደጀመረ የገባኝ ቀስ ብሎ ነው፤ ሻይ ሲቀዳ እጁን ያየዋል፣ መንገድ ሲሻገር ክንዴን ይይዛል። መኪናዋ ነበረች፣ አንተ ደህና ነህ፣ አብረን እኮ ነው የምናውቀው አልኩት። አዎ አለኝ፣ እንደ ሕፃን እንደሚያባብሉት ሰው እየሰማኝ።

ወሬው በቡና ነጋዴዎች አፍ ጅማ ገብቷል። ጥር ላይ ቦሳ ኪቶ ውስጥ ጎረቤታችን ልጁን ሲድር ሦስት ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። አባቴ ተነስቶ አንገትጌውን አስተካከለ። ሲለመን ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ትንሽ ሊግደረደር ጉሮሮውን ጠረገ። ሽማግሌዎቹ ተያዩና አንደኛው፣ የመጣነው ልጅህን እንድትፈቅድልን ነው፣ የሙሽራዋን መኪና እሱ ይንዳልን አለ። አባቴ እጁን ከአንገትጌው አወረደ። ከዚያ ተቀመጠ።

“ይንዳ” አለ። “ጥሩ ይነዳል።”

ነዳሁ። እሱ እንደሚነዳው፣ ኩርባውን ቀድሜ እያሰብኩ፣ ፍሬኑን በጣቴ ጫፍ የምይዘው ያህል እየረገጥኩ ነዳሁ፤ ከኋላ የነበሩት ሁሉ አመሰገኑኝ። አባቴ ከሽማግሌዎቹ ጋር በሚኒባስ ከኋላችን መጣ።